ወረቀቱን ያቀላው ወተት

ጁላይ 27፣ 2009

ዶክተር ሊበን ዛሬ ከናይሮቢ ወደ ድንበሩ ከተማችን ገቡ። የመንገዱ አቧራ ቅንድባቸውን አንጥቶታል። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ካርቶኑን አቀበሉኝና «ልጃችንን አመጣሁልሽ» አሉኝ።

ልጃችን ያሉት ወረቀቶቹን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ዓይናችን እስኪቀላ የለፋንባቸው፣ ከጣት ቀጠን ያሉ ሰማያዊ ወረቀቶች። የግመል ወተት ውስጥ ነክረው ያወጧቸዋል። ሰማያዊ እንደሆኑ ከቆዩ ወተቱ ንጹሕ ነው። ወደ ቀይ ከዞሩ ውሃ ገብቶበታል። መብራት አይፈልግ፣ ማሽን አይፈልግ።

እራት ላይ የቀረውን መንገድ አስረዱኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። ተመራማሪ አንድ ነገር ሲያገኝ ለዩኒቨርሲቲው የንግድ ቢሮ ያሳውቃል። ቢሮው የባለቤትነት መብት እንዲመዘገብ ያመለክታል። ከዚያ የሚያመርት ኩባንያ ይፈለግና ፈቃድ ይሰጠዋል። ኩባንያው ሸጦ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ላገኘው ሰው ያካፍላል። «ስንቱ ግኝት መሳቢያ ውስጥ ሞቶ ቀርቷል» አሉ ዶክተሩ። «ይሄ ግን ጠያቂ መጣለት።» ጠያቂው አንድ የወተት ኩባንያ ነው። ከመፈረሙ በፊት እውነተኛ ገበያ ላይ መሞከር አለበት። እውነተኛውን ገበያ የማውቀው እኔ ነኝ።

«የእኔስ ስም ይገባል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለጊዜው ረዳት ነሽ፣ ሙጂባ። ሙከራው ካማረ እናያለን።»

አልከፋኝም። ለምን ይከፋኛል?

የምስጢር ስምምነት ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራም ሆነ ጥናታችን ምን እንዳገኘ ለማንም መናገር አይፈቀድልኝም። ይህን በአማርኛ የምጽፈው አባቴ ነፍሱን ይማረውና ፊደል ያስቆጠረኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው። ደግሞ ቢሮ ውስጥ የሚያነበው የለም።

ኦገስት 3

ማንያታ ሰፈር፣ የወተት ተራ። ሴቶቹ ጥላው ሥር ጄሪካናቸውን ደርድረው እኔን ይጠብቃሉ። ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ ጠረጴዛ አስወጥቼ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ቆምኩ።

አስተዋዋቂዬ ኡሚ ነበረች። አክስቴ ሸፊቃ ናት፤ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ኡሚ ነው የምላት። የወተት ሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበርም ናት። ከሜጋ በስደት መጥታ፣ ከአንድ ጄሪካን ተነስታ፣ ዛሬ የከተማው ሻይ ቤቶች ግማሾቹ ከእሷ ነው የሚገዙት። «ይህቺ የእኔ ልጅ ናት» አለቻቸው። «ዩኒቨርሲቲ ልኬ ያስተማርኳት። የሠራችውን ነገር አይታችሁ ኩሩ።»

አንዷ «ወረቀቱ ምላስ አለው እንዴ? እንዴት ይቀምሳል?» ስትል ሁሉም ሳቁ።

ሁሉም ሰማያዊ። አንድም ቀይ የለም። ዶክተሩ በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ወደ ናይሮቢ ተመለሱ።

ኦገስት 11

ሙቀት። ግመሎቹ ከቡቲዬ መንደር ጀርባ ግጦሽ አጥተው ራቅ ብለው ሄደዋል ይባላል። የሚመጣው ወተት ቀንሷል። ዛሬ ሁለት ቀይ። የሴቶቹን ስም አልጽፍም፣ ቁጥር ነው የምጽፈው። ከየወተቱ ጥቂት ናሙና በዚሁ ቁጥር ናይሮቢ በረዶ ውስጥ እንዲቀመጥ እልካለሁ።

ቁጥር ብጽፍ ምን ዋጋ አለው? ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ።

ኦገስት 14

አምስት ቀይ። አንዷ ጃለቱ ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ኡሚ ናት እጇን ይዛ ወደ ወተት ንግድ ያስገባቻት። ወረቀቱ ሲቀላ ጃለቱ ጄሪካኗን ከድና አነሳችና ሄደች።

ወደ ዶክተሩ ደወልኩ። «ወረቀቱ አይዋሽም» አሉኝ። «ወተት ሲቀንስ ሰው ውሃ ይጨምራል። ያሰብነው ይሄንኑ አይደለም?»

አዎ፣ ይሄንኑ ነው ያሰብነው። ታዲያ ምን ሆኜ ነው ደስ ያላለኝ?

ሙከራውን ቤት ውስጥ ማድረግ እችል ነበር። ለምን አደባባይ አወጣሁት? ጋውኑን ለብሼ እንዲያዩኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኦገስት 19

የኡሚ ወተት ቀይ ሆነ።

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ቀይ። ሦስተኛ። ቀይ። ከኋላ አንድ ሰው «ሊቀመንበሯም!» አለ። ዋና ደንበኛዋ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሙደሲር ቆሞ ነበር። ባዶ ጄሪካኑን እንደያዘ ተመለሰ።

ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አልችልም።

ኦገስት 22

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን። ለማፍጠር ኡሚ ቤት ሄድኩ። ልጇ አብዱላሂም ነበር፤ ወተቱን ከግመሎቹ ዘንድ በፒኪፒኪ፣ በሞተር ብስክሌቱ፣ የሚያመጣው፣ ወደ ናይሮቢ የምልከውን የእሷን ናሙናም ከቤት የሚያቀብለኝ እሱ ነው። ቴምር በላን፣ ሾርባ ጠጣን።

በመጨረሻ እኔ ጀመርኩ። «ኡሚ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ወረቀቱ ነው።»

«ወረቀቱን ያመጣው ማነው?»

የሾርባ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«ወላሂ» አለች፣ ሳታየኝ። «በዚያ ቀን ወተት ላይ ጠብታ ውሃ አላደረግሁበትም።»

አብዱላሂ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ምስኪን፣ ለእናቱ አዝኖ ነው። እኔ ግን አመንኳት። በጾም ቀን በሐሰት የምትምል ሴት አይደለችም።

ስወጣ የጎረቤት ሴቶች አጥሩ ጥግ ቆመዋል። «ያሳደገቻት ልጅ ናት ያጋለጠቻት» ስትል ሰማሁ አንዷ። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለቻት።

ሰምቻለሁ።

ኦገስት 27

የንግድ ቢሮዋ ካልቶማ ደወለች። ሞምባሳ ያደገች፣ ንግግሯ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። የቀዩን ብዛት ስትሰማ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«በጣም ጥሩ ነው!» አለች። «ኩባንያው ደስ ብሎታል። እንዲህ ብዙ የተበረዘ ወተት ካለ፣ ወረቀቱ ያስፈልጋል ማለት ነው። ገበያ አለው ማለት ነው።»

«ሴቶቹ ግን ደንበኛ እያጡ ነው።»

«ፖሌ፣ አዝናለሁ፣ ሙጂባ። ግን ውሃ የጨመሩት እነሱ ናቸው፣ አይደለም እንዴ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብዙ ሴት ባፈረች ቁጥር ወረቀታችን ብዙ ይሸጣል። እንዲህ ሲባል የሆነ ቦታ ስህተት አለው። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማግኘት አቃተኝ። ሰውን የሚጠብቅ ነገር ነበር የሠራነው። ወተት ገዝቶ ውሃ የሚጠጣውን ሰው ማን ይጠብቀው?

ሴፕቴምበር 2

ከኡሚ ጋር አልተገናኘንም። ወተት ተራም አልወጣችም። የማኅበሩ ሴቶች በእሷ ቦታ ከመካከላቸው ሀቢባን አስቀምጠዋል፤ «ነገሩ እስኪጣራ» ይላሉ። ማን ነው የሚያጣራው? እኔ?

እኔ ነኝ።

ሴፕቴምበር 5፣ ጎዶማ

አብዱላሂ በፒኪፒኪው ከጎዶማ መንደር አልፎ ግመሎቹ ወዳሉበት ወሰደኝ። መጀመሪያ አልፈለገም። «ምን ያደርግልሻል? ግመል አይተሽ አታውቂም?» አለኝ። ለመንኩት። ሌሊቱን ተነስተን ስንደርስ ማለዳ ነበር።

ለኡሚ ወተት የሚሰጧት ሽማግሌው ቱፋ ናቸው። ግመሎቹ አጥንታቸው ወጥቷል። የውሃው ጉድጓድ ሩቅ ስለሆነ ተራ የሚደርሳቸው ከብዙ ቀን በኋላ ነው አሉ። ከዓይኔ ፊት፣ በገዛ ራሴ ዕቃ ውስጥ እንዲያልቡልኝ ጠየቅኳቸው። ዕቃውን በራሴ እጅ አደረቅሁት። አረፋው ገና ሳይበርድ ወረቀቱን ነከርኩ።

ቀይ።

ሁለተኛዋ ግመል። ቀይ። ሦስተኛዋ። ቀይ።

ቱፋ ወረቀቱን ባያውቁትም ፊቴን አነበቡት። «ምን ይላል?»

«ውሃ አለበት ይላል።»

መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ሞተ። «ልጄ፣ ውሃ ከየት አምጥቼ? ውሃ ቢኖረኝ እኔ አልጠጣውም?»

ከጉድጓድ ትናንት የተመለሱ ሁለት ግመሎች ነበሩ። የእነሱንም አሳለብኩ። ወረቀቱ ሰማያዊ ባይሆንም አልቀላም፤ ወይን ጠጅ ቀለም ላይ ቆመ።

የጠማት ግመል ወተቷ ይቀጥናል? ውሃ ያልጠጣች ናት ውሃ የምትሰጠው? ይሄ እንዴት ይሆናል? ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ እያገላበጥኩ ነበር። አንድ ነገር ግን ተረዳሁ መሰለኝ፦ ኡሚ ንጹሕ ናት። ፒኪፒኪው ላይ ሆኜ ለአብዱላሂ ጮኼ ነገርኩት። «እናትህ ንጹሕ ናት!» ነፋሱ ነው መሰለኝ አልሰማኝም።

ሴፕቴምበር 6

ለዶክተር ሊበን ደውዬ የጎዶማውን ነገርኳቸው።

«አንድ ጥናት አንብቤ ነበር፤ ድሮ» አሉ። «ግመል ስትጠማ ለግልገሏ ብላ ወተቷን ታቀጥናለች የሚል። ወረቀቱ መቼ እንደሚቀላ የለካነው ግን በዩኒቨርሲቲው እርሻ ግመሎች ወተት ነው። እነሱ ደግሞ ጠምቷቸው አያውቅም።»

«ታዲያ ሳናጣራ ለምን ወደዚህ አመጣነው?»

«የሚፈረመው ኦክቶበር ላይ ነው፣ ሙጂባ። ኩባንያው ሌላ ዓመት አይጠብቅም። ገንዘቡ ከመጣ ድርቁን እናጠናበታለን፣ ወረቀቱን እናስተካክላለን። ካልመጣ ግን እሱም መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የጎዶማውን ውጤት ለጊዜው 'አጠያያቂ ናሙና' ብለሽ ያዢው። ለማንም አትናገሪ።»

«ሴቶቹስ?»

«ፈርመሻል እኮ» አሉኝ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት። የለመኑኝ ያህል ነበር።

ክፉ ሰው አይደሉም። የግመል እረኛ ልጅ ናቸው፤ ከማርሳቢት በእግራቸው ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። መጀመሪያ ቢሸጥ በኋላ ቢስተካከል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይጠቀም ይሆናል። ደግሞ ስሜ... አይ፣ ስለ ስሜ አላሰብኩም።

ሴፕቴምበር 13

ጃለቱ ሄደች። ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ድንበሩን ተሻግራ ኢትዮጵያ በኩል ገባች። ዘንድሮ የረመዳን ወተት ማንም ከእሷ አልገዛም። ቤቷ በር ላይ አንድ ሰው ውሃ የሞላበት ጄሪካን አስቀምጦላት አደረ አሉኝ። ለቀልድ።

አውቄ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አውቄ ዝም አልኩ።

ሴፕቴምበር 20

ኢድ። ኡሚ ቤት ሄጄ እጇን ሳምኩ። «የጎዶማውን አብዱላሂ ነገረኝ» አለች። ነፋሱ ውስጥም ሰምቶኛል ማለት ነው። «ለሴቶቹ ልትነግሪያቸው ነው?»

«አልተፈቀደልኝም።»

«ጥሩ ነው። ተይው እንግዲህ።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ንጹሕነቷን አምጥቼላት «ተይው» አለችኝ። ኩራቷ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 29

ካልቶማ ከኩባንያው ሰው ጋር ደረሰች። ሰውየው ጸጥ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ ነው። ጫማው እንዳይቆሽሽ አይጠነቀቅም። ነገ ከሴቶቹ ጋር ስብሰባ አለ። ካልቶማ በስዋሂሊ ትናገራለች፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ።

ማታ ሻይ ስንጠጣ የውስጧን አጫወተችኝ። «ቢሮአችንን ሊዘጉት ነው» አለችኝ። «ለዓመታት ወጪ እንጂ ገቢ አላመጣችሁም ይሉናል። ይህች ወረቀት ከተሸጠች ሌሎቹም በር ይከፈትላቸዋል። የበቆሎ ዘር ያገኘ አለ፣ የቁስል መድኃኒት ያገኘ አለ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚጠብቁት።»

ጎዶማን ልነግራት አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ጥሩ ሰው መሆኗ ነው ያስቸገረኝ።

ሴፕቴምበር 30

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ በኋላ እንዳይምታታብኝ።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር። ሴቶቹ በሙሉ መጥተዋል። ኡሚ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣለች። ካልቶማ ጥሩ ተናገረች። ወረቀቱ ንጹሕ ለሚሸጥ ጠበቃ ነው አለች። ኩባንያው ንጹሕ ወተት በተሻለ ዋጋ ይገዛል፣ ማቀዝቀዣ መኪና ይልካል አለች። ተረጎምኩ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀቢባ እጇን አወጣች። «አንድ ነገር ንገሩኝ። ይህ ወረቀት ተሳስቶ ያውቃል?»

ወደ ስዋሂሊ መለስኩት። ካልቶማ ፈገግ አለች። «አይሳሳትም። ዩኒቨርሲቲው ፈትሾታል።»

«አይሳሳትም ትላለች» አልኩ በኦሮምኛ።

ሀቢባ አልተቀመጠችም። «እሷን ሰማናት። አንቺስ? አንቺ የእኛ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

አስቤበት አይደለም። ጀግና ሆኜም አይደለም። ጃለቱ ጄሪካኗን ስትከድን ነው የታየኝ።

«ይሳሳታል» አልኩ።

በኦሮምኛ ነበር ያልኩት። አንዷ ወጣት ግን ብድግ ብላ በስዋሂሊ ጮኸች፤ «ይሳሳታል አለች! ራሷ አለች!» ካልቶማ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ገና አልጠፋም ነበር፤ ቦታው ላይ ቀርቶ ደረቀ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠማት ግመል ወተቷን እንደምታቀጥን፣ ወረቀቱ ጥማትን ከውሃ መለየት እንደማይችል፣ ጎዶማ ላይ በዓይኔ እንዳየሁ። ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ። አንዳንዷ አለቀሰች። «ስማችንን ማን ይመልስልን?» አለች አንዷ። ወደ በሩ አየሁ። ኡሚ የለችም፤ ወጥታ ሄዳለች። ዕንባዋን ሰው እንዳያይባት ይሆናል።

የኩባንያው ሰው አልተቆጣም። ውጭ ጠራኝና በእርጋታ ጠየቀኝ፤ ስንት ግመል አሳለብሽ፣ ውሃ ከጠጡ ምን ያህል ሆኗቸው ነበር፣ ዕቃሽ ደረቅ ነበር ወይ። ሁሉንም መለስኩለት። «አመሰግናለሁ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ካልቶማ ግን ቆማ ቀረች። «እውነቱን መናገርሽ አይደለም የከፋኝ» አለችኝ። «ቀድመሽ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።»

«ለዶክተር ሊበን ነግሬያቸዋለሁ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ።»

«ለእኔ አልነገሩኝም» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ኦክቶበር 2

ከሥራ ታግጃለሁ። ምክንያቱ ምስጢር ማውጣት። ካርቶኑን መልሼ ልኬያለሁ።

የሚገርመው፣ ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። ናይሮቢ ያሉት ግን ያግዱኛል። እኔ ያው እኔ ነኝ። የቱ ጋ ነው ጥሩ ያደረግሁት?

ኦክቶበር 9

ዶክተሩ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። ኩባንያው «ጥማትን የሚለይ ወረቀት ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን» ብሎ ሄዷል። ዩኒቨርሲቲው እሳቸውን ጠርቶ ጠይቋቸዋል።

«ልነግራት ነበር» አሉ፤ ካልቶማን ማለታቸው ነው። «ዛሬ ነገ እያልኩ... አንቺ ቀደምሽኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ሳልጠይቃቸው ተሰነባበትን።

ኦክቶበር 18

ዝናብ! ሀገያው፣ አጭሩ የዝናብ ወቅት፣ ገባ። ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አደረ፤ ጠዋት የማንያታ መንገድ ጭቃ ሆኖ ልጆች እየተንሸራተቱ ይጮሃሉ። ግመሎቹ እየተመለሱ ነው። ሴቶቹ ኡሚን ወደ ቦታዋ መለሷት። ሀቢባ ራሷ መጥታ ወሰደቻት። ሙደሲርም ባዶ ጄሪካኑን ይዞ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃት።

«የሸፊቃ ልጅ ወረቀቱን አሸነፈችው» ይላሉ። ኡሚ ፊት ሲሉት «በቃ ተዉት አሁን» ብላ ወሬ ትቀይራለች። እንዲህ ዓይነት ቀን ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ታዲያ ለምንድነው አብረን ስንቀመጥ ዓይን ለዓይን የማንገናኘው?

ኦክቶበር 26

ተሻግሬ ጃለቱን ፈለግኳት። ከኬላው ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሰሃን ስታጥብ አገኘኋት። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ስምሽ ነጽቷል፣ ጃለቱ» አልኳት። «ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። መመለስ ትችያለሽ። ሁሉም እየጠበቁሽ ነው።»

ሰሃኑን ሳትጥል ሳቀች። «የቱ ስሜ ነው የነጻው?»

አልገባኝም።

«እኔ እኮ ጨምሬበታለሁ፣ ሙጂባ። በየቀኑ አይደለም። ትንሹ ልጄ ታሞ ነበር፣ ወተቱም ከግመሎቹ ዘንድ በግማሽ ጎድሎ መጣብኝ። ደንበኛ 'ሙሉ' ይላል። ሞላሁለት።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለእሷ ብዬ ነበር እኮ አፌን የከፈትኩት።

«እኔ ብቻ መሰልኩሽ?» አለችኝ። ቀጥላም «ለወተት ተራ አዲስ የሆነችን ሴት ሥራ የሚያሳያት ማነው?» አለች፣ ሰሃኑን እያለቀለቀች።

መልስ የምትጠብቅ አልመሰለኝም። ሌሎቹን ማለቷ ይሆናል። ሀቢባ ለምሳሌ ብዙ ሰው ታስተምራለች።

እመለሳለሁ አላለችም። «እዚህ ሰሃን ነው የማጥበው። ቆሸሸ ነጻ ብሎ የሚከራከረኝ የለም» አለች።

ኖቬምበር 4

ዶክተር ሊበን ደወሉ። ይህን የጻፍኩት እየተጠራጠርኩ ነው፤ በትክክል የሰማሁ አይመስለኝም።

ኩባንያው ወረቀቱን ገና ይፈልገዋል። ዩኒቨርሲቲውም የመጨረሻ ዕድል ሰጥቷቸዋል። የድርቁ ጊዜ ናሙናዎች ናይሮቢ በረዶ ውስጥ አሉ። ቀይ ከሆኑት ውስጥ የትኛው ጥማት፣ የትኛው እውነተኛ ውሃ እንደሆነ ካወቁ ወረቀቱ የሚቀላበትን መስመር ማስተካከል ይቻላል። ላቦራቶሪው ብቻውን አይችልም። ውሃ እንደገባበት በእርግጠኝነት የሚታወቅ ጥቂት ናሙና ያስፈልጋቸዋል።

«ስም አልፈልግም፣ ቁጥር ብቻ» አሉ። «ሴቶቹ እውነቱን ለአንቺ እንጂ ለእኔ አይነግሩኝም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ደግሞ ስሚኝ። የድርቁን ነገር ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ማመልከቻው ሲታደስ ስምሽ ከስሜ አጠገብ ይገባል። ለቢሮው ነግሬያለሁ፤ ካልቶማም ተስማምታለች። እገዳሽም ይነሳል።»

ስፈልገው የነበረው ነገር በሩን አንኳኩቶ መጣ። ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ወረቀቱ በትክክል ከሠራ ለንጹሖቹ ጠበቃ ይሆናል። እንዲሠራ ግን ንጹሕ ያልሆነች ሴት «እኔ ነኝ» ማለት አለባት። ለእኔ ማን ይላል? እንዳነጻኋቸው ነው እኮ የሚያውቁት።

ጃለቱን በስልክ ጠየቅኳት። «ጻፊኝ» አለች፣ ሳታመነታ። ሀቢባን ጠየቅኳት፤ እየሳቀች «አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል?» አለችኝ። ሁለት ሌሎች ተቆጡኝ። አንድ ሰው ነው የቀረኝ። እሷን መጠየቅ አያስፈልግም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። በጾም ምላልኛለች።

አንድ ሰው ብቻ በቂ አይደለም ብለዋል ዶክተሩ።

ኖቬምበር 6

ጠዋት ኡሚ ቤት ሄድኩ። ወደ ገበያ ልትወጣ ጄሪካኖቿን በር ላይ አውጥታለች። ዶክተሩ ያሉኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስለ ስሜም ሳይቀር። ሻሿን እያሰረች ሰማችኝ።

«የምትጠይቂኝ ለወረቀቱ ነው ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ።

«ለወረቀቱ።»

ሻሿን አስራ ጨረሰች። «እንግዲያው ጻፊ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት። አንቺ ገበያ ላይ ከነከርሽው በፊት ባሉት ቀናት፣ አብዱላሂ ለናሙና ብሎ ከቤት የወሰደልሽ አለ አይደል? እነሱ ላይ ውሃ ጨምሬአለሁ። ልጁ ያውቃል።»

አብዱላሂ ጓሮ ፒኪፒኪውን ያጥብ ነበር። ውሃው መፍሰሱን አቆመ።

ገበያ ላይ የቀላው የጠማት ግመል ወተት ነበር፤ መሐላዋ እውነት ነው። የቀደሙት ቀናት ግን... ሁለቱ እንዴት አብረው ይቆማሉ? «ለራሴ ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮስ?» አልኳት።

«ለራስሽ ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ» አለች፣ «አላደረግሁም እልሽ ነበር። እስክሞት ድረስ።»

ጎንበስ ብላ አንዱን ጄሪካን አነሳች። ሌላውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ያዢልኝ» አለችኝ። «ረፍዷል።»

አንስቼ ተከተልኳት። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ እሷ በረገጠችበት እየረገጥኩ ሄድኩ። ወተት ተራ ስንደርስ ሴቶቹ አዩን፣ ሙደሲርም ከሻይ ቤቱ በር ላይ ሆኖ አየን። ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ መጥቶ «ንጹሕ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ኡሚ መልሱን ለእኔ ተወችው።

«የዛሬው ንጹሕ ነው» አልኩት፤ ቀዳሁለትም።